የወላይታ ወንዞች መዝገብ፦ የተራራ ውሃ እንዴት ይለካል?

ወላይታ ውሃ የሚከፋፈልባት ምድር ናት። ከሶዶ ከተማ በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይዞ የቆመው የዳሞታ ተራራና በዙሪያው ያለው ከፍተኛ ቦታ የሚወርደውን ዝናብ ለሁለት ይለየዋል። በምሥራቅ የወረደው ወደ ብላቴ ወንዝ ገብቶ አባያ ሐይቅ ይደርሳል፤ በምዕራብ የወረደው ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። ከአረካ ከተማ አጠገብ፣ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ዱቦ ያለችው በኦሞ በኩል ነው። በዚህ አካባቢ የወይቦ ወንዝ ይወርዳል። ከዚያ አለፍ ሲባል አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል ተወርውረው የአጆራን መንታ ፏፏቴ ይሠራሉ።

እነዚህን ወንዞች የሚያውቃቸው ገበሬ በበልግ መቼ እንደሚነሡ፣ በክረምት የትኛው መሻገሪያ እንደሚያስፈራ፣ በበጋ የትኛው ምንጭ ቀድሞ እንደሚደርቅ ሳያመነታ ይናገራል። ይህ በዘመናት የተጠራቀመ እውቀት ነው። ሆኖም ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ፣ ቦይ የሚቀይሰው የመስኖ ባለሙያ፣ ለከተማ ውሃ የሚያስብ ጽሕፈት ቤት ሌላም ጥያቄ አላቸው። በዚህ ቦታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ውሃ ያልፋል? ከሁሉ ባነሰበት ቀን ስንት ነበር? ከሁሉ በበዛበት ሌሊትስ? መልሱ የሚገኘው ወንዙን ለክቶ፣ የለኩትን ጽፎ፣ ይህንንም ሳያቋርጡ ለዓመታት በመቀጠል ብቻ ነው።

ከፍታ ሌላ፣ መጠን ሌላ

ወንዝ ሲለካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይለካሉ። አንደኛው የውሃው ከፍታ ነው፤ ማለትም የውሃው ገጽ ከተወሰነ ቋሚ ነጥብ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚገኝ። ሁለተኛው የፍሰት መጠን ነው፤ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ከፍታ በቀላሉ ይነበባል። መጠን ግን አድካሚ ሥራ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ደግሞ መጠኑን ነው።

ከፍታን ለማንበብ በወንዙ ዳር ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ይተከላል። ባለሙያዎች ስታፍ ጌጅ ይሉታል። በኢትዮጵያ የተለመደው አሠራር በአቅራቢያው የሚኖር አንድ አንባቢ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ሰሌዳውን አይቶ ቁጥሩን በመዝገብ እንዲያሰፍር ነው። በዝናብም፣ በበዓልም፣ በአዝመራ ወቅትም ይህ ንባብ አይቋረጥም። አገሪቱ ስለ ወንዞቿ ያላት እውቀት በአብዛኛው የቆመው እነዚህ ስማቸው የማይነሣ አንባቢዎች በጻፉት ቁጥር ላይ ነው።

መጠኑን ለማግኘት ደግሞ የወንዙ ቁርጥ ስፋት በውሃው አማካይ ፍጥነት ይባዛል። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በአግድም እንደቆረጥነው እናስብ፤ ውሃው የያዘው የዚያ ፊት ስፋት ነው ቁርጥ ስፋት የሚባለው። ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ካስቴሊ ይህን ሐሳብ በ1628 እ.ኤ.አ. ስለሚፈስ ውሃ ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ያው ውሃ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ በሰፊ ቦታ ይዘገያል፤ ስፋትና ፍጥነት ሲባዙ ግን የሚገኘው መጠን አንድ ነው።

በተግባር ሲታይ ባለሙያው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ይዘረጋና ወንዙን ሃያ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ክፍሎች ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ ክፍል ጥልቀቱን ይለካል፤ ከረንት ሜትር በተባለው ባለ ተሽከርካሪ መሣሪያም ፍጥነቱን ያነባል። ውሃ ከወለሉ አጠገብ በድንጋይና በአሸዋ ስለሚፋተግ ቀስ ይላል፣ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ይፈጥናል። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ቦታ ፍጥነቱ የሚነበበው ከገጹ ወደታች በጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ ነው። ጥልቅ በሆነ ቦታ ግን በ20 እና በ80 በመቶ ላይ ሁለት ጊዜ ተነብቦ አማካዩ ይወሰዳል። የሁሉም ክፍሎች ድምር የወንዙ የዚያች ሰዓት ፍሰት ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር

በየቀኑ ከረንት ሜትር ይዞ ወንዝ ውስጥ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያዎች በተለያዩ ጊዜያት፣ ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም፣ ከፍታውንና መጠኑን አብረው ይለካሉ። ጥንዶቹን ቁጥሮች በወረቀት ላይ ሲያስቀምጧቸው አንድ ጎባጣ መስመር ይወጣል። ሬቲንግ ከርቭ የሚባለው ይህ ነው። መስመሩ ከተገኘ በኋላ አንባቢው የጻፈው ከፍታ ብቻ በቂ ይሆናል፤ መጠኑ ከመስመሩ ላይ ይነበባል።

መስመሩ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። ወንዝ ሲሞላ ጥልቀቱም ፍጥነቱም አብረው ይጨምራሉ። ሰፊና ቀጥ ያለ ዳርቻ ባለው ወንዝ ላይ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ውሃ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በሚሻገር ሰው ላይ የሚያርፈው ግፊት ደግሞ የፍጥነቱን ካሬ ይከተላል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። «ውሃው ከትናንቱ ትንሽ ነው ከፍ ያለው» ብሎ የሚገባ ሰው የሚወሰደው ለዚህ ነው።

ሬቲንግ ከርቭ አንዴ ተሠርቶ ለዘላለም የሚያገለግል አይደለም። በተራራ ወንዝ ላይ አንድ የጎርፍ ሌሊት ወለሉን ሊቆፍረው ወይም በደለልና በድንጋይ ሊሞላው ይችላል። ወለሉ ከተቀየረ ያው የሰሌዳ ቁጥር ሌላ መጠን ማለት ነው። መስመሩ ለሚያድግ ልጅ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ በየጊዜው እንደገና ካልተለካ አይሆንም። በየዓመቱ፣ በተለይም ከትልልቅ ጎርፎች በኋላ እንደገና ያልተለካ ጣቢያ ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ግን ከወንዙ ጋር እየተለያየ ይሄዳል።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ትልቁ ጎርፍ ራሱ ነው። አብዛኛው የከረንት ሜትር ልኬት የሚካሄደው ወንዙ ሰው በሚያስጠጋበት ጊዜ ነው። ድልድይ የሚያፈርሰው ጎርፍ ግን የሚመጣው ማንም ሊቀርበው በማይችልበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። በዚህ የተነሣ የመስመሩ የላይኛው ጫፍ ያለ ልኬት በግምት ይዘረጋል። ትልልቅ ውሳኔዎች ደግሞ የሚመሠረቱት በዚያው ጫፍ ላይ ነው።

ተራራ የራሱ መላ አለው

ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለለ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከረንት ሜትር ትክክለኛ ንባብ አይሰጥም፤ ጥልቀቱም በየእርምጃው ይለያያል። እዚህ ላይ ተራ የገበታ ጨው ይረዳል።

ዘዴው እንዲህ ነው። በሚገባ የተመዘነ ጨው በባልዲ ውሃ ይሟሟና በአንድ ጊዜ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። የወንዙን ስፋት ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል በሚሆን ርቀት ወደታች የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይጠብቃል። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ጨዋማው ውሃ ሲደርስ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ካለፈ በኋላም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወንዙ ትልቅ ከሆነ ጨው በብዙ ውሃ ስለሚቀጥን ጭማሪው አነስተኛ ይሆናል፤ ወንዙ ትንሽ ከሆነ ጭማሪው ከፍተኛ ይሆናል። ከዚህ ለውጥ የወንዙ መጠን በስሌት ይገኛል። ሌላ ጊዜ ልኬትን የሚያበላሸው የውሃው መናወጥ እዚህ ይጠቅማል፤ ጨውን ከውሃው ጋር በሚገባ የሚያዋሕደው እሱ ነውና። የሚደፋው ጨው ጥቂት ስለሆነ ለአጭር ጊዜ አልፎ ይሄዳል፤ ወንዙንም አይጎዳም።

ምንም መሣሪያ በሌለበትም ቢሆን ግምት ማግኘት ይቻላል። ቀጥ ያለ የወንዝ ክፍል ተመርጦ 20 ሜትር ይለካል፤ አንድ ቁራጭ እንጨት ተጥሎ የሚወስድበት ጊዜ በሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ 25 ሰከንድ ቢወስድበት የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። ገጹ ከአማካዩ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል፤ 0.68 ይመጣል። የወንዙ ስፋት 8 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ከሆነ ቁርጥ ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር ነው። 4 በ0.68 ሲባዛ በሰከንድ 2.72 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,720 ሊትር ይሆናል። ይህን ስሌት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በበጋ፣ ውሃው ጸጥ ባለበት ቀን ሊሠሩት ይችላሉ። ፍጹም ትክክል ባይሆንም ምንም ካለማወቅ እጅግ ይሻላል።

ጎርፉ ካለፈ በኋላም ወንዙ ምልክት ትቶ ይሄዳል። በዛፍ ግንድ ላይ የተጣበቀ ጭቃ፣ በአጥር ላይ የተሰቀለ ገለባ፣ በግድግዳ ላይ የቀረ መስመር ውሃው የት ድረስ እንደ ወጣ ይናገራል። ባለሙያዎች እነዚህን ምልክቶች በቀያሽ መሣሪያ ለክተው፣ የወንዙን ተዳፋትና የወለሉን ሻካራነት ጨምረው አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባቀረበው ቀመር የጎርፉን መጠን ያሰላሉ። ምልክቱ ግን በቀጣዩ ዝናብ ይታጠባል። በቶሎ ቀን ተጽፎበት ፎቶ ካልተነሣ ወይም በቀለም ካልተሰመረ ማስረጃው ይጠፋል።

ዛሬ ራሳቸው የሚያነቡ መሣሪያዎችም አሉ። አንዱ ዓይነት ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የውሃውን ክብደት በግፊት ይለካል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት አለው። አየርም በላዩ ስለሚጫን፣ ግፊቱም በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል የአየሩን ግፊት የሚለካ ሌላ መሣሪያ ከዳር ካልተቀመጠ ንባቡ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። ሌላው ዓይነት ከድልድይ ሥር ተሰቅሎ በራዳር ሞገድ ወደታች ያያል፤ ውሃውን ስለማይነካ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ጎርፍ አይሰብረውም። ይህ ለተራራ ወንዝ ትልቅ ብልጫ ነው። መረጃውንም በስልክ ኔትወርክ በየ15 ደቂቃው መላክ ይቻላል። ያም ሆኖ ማንኛውም ሴንሰር ከስታፍ ጌጁ ጋር በየጊዜው መነጻጸር አለበት፤ ከፍታን ወደ መጠን የሚለውጠውም አሁንም ሰው ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሠራው ሬቲንግ ከርቭ ነው።

ሳተላይትስ አይበቃም ወይ? የአሜሪካና የፈረንሳይ የጠፈር ተቋማት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያመጠቁት ስዎት የተባለው ሳተላይት የወንዞችንና የሐይቆችን የውሃ ከፍታ ከሰማይ ይለካል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም የታቀደው ስፋታቸው ከ100 ሜትር በላይ ለሆኑ ወንዞች ነው። ወይቦን፣ አጃንቾንና ሶኬን የመሰሉ ወንዞች ከዚህ ልክ በታች ናቸው። እነሱን መለካት የሚቻለው በአጠገባቸው ሆኖ ብቻ ነው።

መለካት ነፍስ ያድናል

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለኢትዮጵያ ከባድ ነበር። በሐምሌ ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ ደግሞ ኦሞ ወንዝ በታችኛው ተፋሰሱ፣ በዳሰነች ምድር፣ ከዳርቻው ወጥቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ። ኦሞን የሚሞላው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከደጋው ምድር የሚወርደው ዝናብ ነው፤ የወላይታ ምዕራባዊ ወንዞችም የዚያ ውሃ ክፍል ናቸው። ላይ የተለካ ውሃ ታች ላለው ሰው ጊዜ ይሰጠዋል።

ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ በቀላሉ ይሰላል። የጎርፍ ማዕበል በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 7.2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከመንደር በላይ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለ መለኪያ ማስጠንቀቂያ ቢልክ ሁለት ሰዓት ያህል ይገኛል። በሁለት ሰዓት ሕፃናትና አዛውንት ከዳርቻው ይወጣሉ፣ ከብት ይነዳል፣ መሻገሪያ ይዘጋል። በብላቴ ላይ ከወላይታ በላይ በአላባ ቁሊቶ የሚገኘው የመለኪያ ጣቢያ ያለው ጥቅም ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባል፤ እዚያ የተነበበው ከፍታ በታችኛው ብላቴ ለሚያርሱ ሰዎች ቀድሞ የሚደርስ ዜና ሊሆን ይችላል። በትንንሽ የተራራ ወንዞች ላይ ግን ዝናቡ ከወረደ ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ስለሚችል የወንዝ መለኪያ ብቻውን አይበቃም፤ በተራራው ላይ የዝናብ መለኪያም ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መዝገቡ ለድልድይና ለግድብም መሠረት ነው። መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለታቸው አይደለም። በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎርፍ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ይሆናል። ይህን ጎርፍ ከአምስት ዓመት መዝገብ መገመት አደገኛ ነው፤ ከአርባ ዓመት መዝገብ መገመት ግን የበለጠ ያስተማምናል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ላይ የቆመው፣ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ቁመትና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንዲህ ያለ ግድብ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚገለጠው ወንዙ ቀደም ባሉት ዓመታት ያሳለፈው ውሃ መዝገብ ነው።

ጎርፍ ስለሚያስደነግጥ ይነገርለታል፤ የበጋ ፍሰት ግን በዝምታ ይቀንሳል። ዝናብ በሌለባቸው ወራት ወንዙን የሚመግበው በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የተጠራቀመው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እንሰት፣ ስኳር ድንችና ቦይና (ጎደሬ) የሚተከልበት፣ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበት የወላይታ መሬት ይህን ውሃ አጥብቆ ይፈልገዋል። ለመስኖ ስንት ውሃ መጥለፍ እንደሚቻል፣ ለታችኛው ተጠቃሚ ስንት መተው እንደሚገባ የሚወስነው የክረምቱ ሙላት ሳይሆን የበጋው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። በላይኛውና በታችኛው ገበሬ መካከል የውሃ ክርክር ሲነሣ ሁለቱም የሚያምኑበት ቁጥር ካለ ሽማግሌ የሚይዘው ማስረጃ አለው። ዳገቱ ላይ የተሠራ እርከን ውሃ ወደ መሬት ማስረጉን የሚመሰክረውም ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካው የበጋ ፍሰት ነው።

ያልተለካ ቀን አይመለስም

የዓለም ረጅሙ የወንዝ መዝገብ የተጻፈው በእኛው ውሃ ላይ ነው። ግብፃውያን የዓባይን ከፍታ ከ7ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መዝግበዋል፤ በካይሮ በሮዳ ደሴት ዛሬም የሚታየው የድንጋይ መለኪያ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። እዚያ በየክረምቱ ይለካ የነበረው ሙላት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት ይህን መዝገብ መርምሮ በ1951 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ግኝት አወጣ፦ የድርቅ ዓመታት ከድርቅ ዓመታት ጋር፣ የጥጋብ ዓመታትም ከጥጋብ ዓመታት ጋር በተራ ዕድል ከሚጠበቀው በላይ ይከታተላሉ። አጭር መዝገብ ይህን ሊያሳይ አይችልም። በአንድ የጥጋብ ተርታ ላይ ብቻ የተለካ ወንዝ ሁልጊዜ እንደዚያ የሚኖር ይመስላል።

በኢትዮጵያ የተደራጀ የወንዝ ልኬት የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓባይ ተፋሰስ ላይ ባካሄደውና በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ምክንያት በርካታ የመለኪያ ጣቢያዎች ተተክለዋል። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ለዚህ ሙያ ትውልድ አፍርቷል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መመሪያ ለተራራማ አካባቢ ቢያንስ በየ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩ አንድ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ይመክራል። ስፋቱ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ወላይታ በዚህ ልክ ቢያንስ አራት ይገባዋል። ምድሩ በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ፣ ውሃውም ወደ ሁለት ተፋሰስ የሚሄድ በመሆኑ ከዚያ በላይ ቢኖረው ይጠቀማል።

በሳይንስ ብዙ ሙከራ ሊደገም ይችላል። ዛሬ ያልተለካውን ወንዝ ግን ነገ ሄዶ መለካት አይቻልም፤ ውሃው አልፏል። ሰሌዳው ወድቆ ለሁለት ክረምት ሳይተከል ቢቀር የእነዚያ ሁለት ክረምቶች እውነት ለልጅ ልጅም አይገኝም። ስለዚህ የመለኪያ ጣቢያ ዋጋው በብረቱና በሴንሰሩ አይተመንም፤ ባለመቋረጡ ነው የሚተመነው። አንድ ቀላል ሰሌዳና አንድ ታማኝ አንባቢ ለሠላሳ ዓመት ከቆዩ፣ ተተክሎ በሦስተኛው ዓመት ከተበላሸ ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ።

በወይቦ፣ በብላቴ ወይም በሌላ ወንዝ ዳር የምትኖሩ ሁሉ፣ በአካባቢያችሁ የተተከለ ሰሌዳ ካለ እንደ ራሳችሁ ንብረት ጠብቁት፤ ብረቱ አይነቀል፣ ቁጥሩ አይፋቅ። ከጎርፍ በኋላ ውሃው የደረሰበትን ቦታ ቀን ጽፋችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶ አንሡት፣ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን በበጋ ወደ ወንዝ ይዛችሁ ውረዱና ለኩ፤ የለካችሁትንም በአንድ መዝገብ አቆዩ። በጀት የሚያዝላቸው መሥሪያ ቤቶችም ከአዲስ መሣሪያ በፊት ለነባሩ አንባቢ ደመወዝና ለሬቲንግ ከርቭ ማደሻ ጉዞ ገንዘብ ይመድቡ። የተራራ ወንዝ ማንንም አይጠብቅም፤ መዝገቡ ዛሬ ይጀመር፣ ከጀመረም አይቋረጥ።